በር ስለተዘጋ ብቻ ገንዘብ አይገባም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

በቅርቡ በስፖርት ዓምዳችሁ ላይ አንድ ጸሐፊ የአሜሪካ የስፖርት ሊጎች ከእግር ኳስ የበለጠ የሚያተርፉት ክለብ ስለማያወርዱ መሆኑን አትተው፣ የእኛም ፕሪሚየር ሊግ ለተወሰኑ ዓመታት ወራጅ ቢቀርለት ባለሀብትና ስፖንሰር ሊጎርፍለት እንደሚችል ያቀረቡትን ሐሳብ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአሜሪካ ስፖርት ከፍተኛ ገንዘብ እንደሚያንቀሳቅስ በተናገሩት ላይ ልዩነት የለኝም። ልዩነቴ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ በማን እጅ እንደሚያልፍና ማን ዘንድ እንደሚቀር በሰጡት ማብራሪያ ላይ ነው። ረጅም ዘመን በሒሳብ ሠራተኛነት ኖሬ አሁን በጡረታ ለገጣፎ የምኖር፣ ቅዳሜና እሑድ ማለዳም ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር አንድ የታዳጊዎች ፕሮጀክት የማስተባብር ሰው እንደመሆኔ፣ ገቢው ብቻ ተነግሮ ወጪው የተዘለለ ሒሳብ ሲቀርብ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም።

የምኖርበትን ከተማ የጠቀስኩት ለአድራሻ ያህል አይደለም። የከተማችን ክለብ ለገጣፎ ለገዳዲ ከከፍተኛ ሊግ አድጎ በ2015 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በፕሪሚየር ሊግ ተጫውቷል፤ በዚያው ዓመትም ተመልሶ ወርዷል። ከአዲስ አበባ ጫፍ ላይ ያለች፣ ብዙው ነዋሪዋ ማለዳ ታክሲ ተሰልፎ ወደ መሀል ከተማ ሄዶ ማታ ለማደር ብቻ የሚመለስባት ከተማ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስና ከኢትዮጵያ ቡና ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ስሟ ለአንድ ዓመት ተጽፎ ታየ። ጸሐፊው የሚያደንቁት የአሜሪካ አሠራር ይህን አንድ ዓመት እንኳ አይፈቅድም። እዚያ አዲስ ክለብ አሸንፎ አይገባም፤ ነባሮቹ ባለቤቶች ሲስማሙና እሱም የመግቢያውን ሲከፍል ብቻ ነው የሚገባው። የአሜሪካው የእግር ኳስ ሊግ ኤም.ኤል.ኤስ. የሳን ዲዬጎን ክለብ ለመቀበል የጠየቀው የመግቢያ ክፍያ ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ለመሆኑ አሜሪካኖቹ የሚያተርፉት ከምንድን ነው? ከሁሉ በፊት የሚሸጡት ጊዜ ነው። ኤን.ኤፍ.ኤል. በሚባለው ሊጋቸው፣ እነሱ «ፉትቦል» እኛ ግን «የአሜሪካ እግር ኳስ» በምንለው ጨዋታ፣ የሜዳው ሰዓት 60 ደቂቃ ቢቆጥርም ስርጭቱ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ኳሱ በእርግጥ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ተለክቶ ሲታይ ግን ዐሥራ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። የቀረው ጊዜ ቡድኖቹ ተሰብስበው የሚመካከሩበት፣ ዳኞች የሚነጋገሩበት፣ በመካከሉም ማስታወቂያ የሚነገርበት ነው። የዓመቱ መዝጊያ በሆነው በሱፐር ቦውል የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ጨዋታው ራሱ በየደቂቃው ስለሚቋረጥ ለነጋዴ የተመቸ ነው።

እግር ኳስ ይህን ማድረግ አይችልም። ዳኛው ፊሽካ ከነፋ በኋላ 45 ደቂቃ ሙሉ ለማስታወቂያ የሚሆን ክፍተት የለም፤ በዕረፍቱ 15 ደቂቃም ተመልካቹ፣ እኛ ሰፈር ባለው ዲ.ኤስ.ቲ.ቪ. ቤት በየሳምንቱ እንደማየው፣ ሻይ ሊጠጣና ከጓደኛው ጋር ሊከራከር ደጅ ይወጣል። ስለዚህ እግር ኳስ ማስታወቂያውን በጨዋታው መሀል ማስገባት ሲያቅተው ተጫዋቹ ደረት ላይ ለጠፈው። ማንቸስተር ዩናይትድ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለሰባት ዓመት ሼቭሮሌ የተባለውን የመኪና ስም በማሊያው ላይ ይዞ ለመጫወት 559 ሚሊዮን ዶላር ተዋዋለ። አርሴናል ደግሞ ማሊያውንም የስታዲየሙንም ስም ለአንድ አየር መንገድ በመሸጡ፣ እኛ ሰፈር አውሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ እንጂ ቀርቦ አይቶ የማያውቅ ልጅ «ኤምሬትስ» የሜዳ ስም ይመስለዋል። በአንጻሩ ኤን.ኤፍ.ኤል. እስካሁን ተጫዋቾች በሚጋጠሙበት ማሊያ ላይ የስፖንሰር ስም አያስለጥፍም፤ የቅርጫት ኳሱ ኤን.ቢ.ኤ. እንኳ ደረት ላይ አንዲት ትንሽ ጨርቅ መለጠፍ የፈቀደው እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ነው። አሜሪካኖቹ ማሊያቸውን ንጹሕ ያደረጉት ከእግር ኳስ ሰዎች የተሻለ ክብር ስላላቸው አይመስለኝም፤ ስላልቸገራቸው ነው።

ጸሐፊው በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፉት፣ እኔ ግን የነገሩ ሁሉ ማሰሪያ አድርጌ የማየው ክፍፍሉን ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የአሜሪካ ኮንግረስ የአንድ ሊግ ክለቦች የቴሌቪዥን መብታቸውን አጣምረው በአንድነት እንዲሸጡ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ፤ ያለዚያ ሕግ ተፎካካሪ ነጋዴዎች ተመካክረው ዋጋ እንደመቁረጥ ተቆጥሮ በፍርድ ቤት ያስጠይቃቸው ነበር። በዚያን ጊዜ የኒው ዮርኩ ጃያንትስ ባለቤቶች በአገሪቱ ትልቁ ገበያ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ከትንሿ ግሪን ቤይ ጋር እኩል ለመካፈል ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ2021 የተፈረመው የኤን.ኤፍ.ኤል. የቴሌቪዥን ውል ለ11 ዓመት ወደ 110 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ሲሆን፣ ዋንጫ የበላውም ዓመቱን ሙሉ ሲሸነፍ የከረመውም ከ32ቱ ክለቦች እኩል ድርሻውን ይወስዳል።

የግሪን ቤይ ፓከርስ ነገር፣ በሒሳብ ሠራተኛነቴ ሳይሆን አይቀርም፣ ከሁሉም ይበልጥ ይማርከኛል። ከተማዋ ከ100 ሺህ ብዙም የማይበልጥ ሕዝብ ያላት ናት። ክለቡ በአንድ ቱጃር እጅ ሳይሆን በብዙ ሺህ ባለአክሲዮን ደጋፊዎች የተያዘ በመሆኑ፣ ከ32ቱ መካከል የሒሳብ መግለጫውን በየዓመቱ በይፋ የሚያወጣው እሱ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በዘጋው የሒሳብ ዓመት ከሊጉ የጋራ ቋት የደረሰው ገንዘብ 402 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ይህ አንድ ትኬት ሳይቆርጥ፣ አንድ ማሊያ ሳይሸጥ የሚገባለት ነው። ዕቁብ ገብቶ የሚያውቅ አንባቢ ይህን አሠራር ለመረዳት አይቸግረውም፤ ባለሱቁም ዘበኛውም እኩል ይጥላሉ፣ እኩልም ያነሳሉ፤ ባለሱቁ ሱቄ ሰፊ ነውና ሁለት ዕጣ ይገባኛል ያለ ዕለት ግን ዕቁቡ ይፈርሳል። የአሜሪካው ሊግ ጥንካሬ በሩ መዘጋቱ ብቻ ሳይሆን፣ ከበሩ ወዲያ ያሉት ሰዎች በመካከላቸው እንዲህ ያለ ዕቁብ መጣላቸው ነው።

በዚያ ላይ የደመወዝ ጣሪያቸው አለ። እዚህ ላይ ከእኛ ታሪክ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአገራችን የአንድ ተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «አሜሪካም ጣሪያ አለ» ሲል ሰምቻለሁ። የአሜሪካው ጣሪያ ግን የተለየ ነገር ነው። ኤን.ኤፍ.ኤል. እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የሚሠራበት ጣሪያ ክለቡ በጠቅላላ ለተጫዋቾቹ የሚያወጣውን ይገድባል እንጂ የአንዱን ሰው ደመወዝ ቆርጦ አይወስንም፤ መጠኑም ከሊጉ ገቢ ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ለአንድ ክለብ 255.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ የተጫዋቾች የሠራተኛ ማኅበር ተደራድሮ የፈረመበት መሆኑ ነው፤ ከገቢው ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ለተጫዋቾች እንደሚደርስ በውል ሰፍሯል። ጣሪያው ብቻ ሳይሆን ወለሉም የታወቀ ነው። የእኛው ጣሪያ የገቢ መጠን ሳይገለጽ፣ ተጫዋቹ ሳይጠየቅ የተሠራ ስለነበር፣ በየመንደሩ እንደሚወራው ክፍያው በፊርማ ገንዘብ ስም በጎን በር ቢወጣ የሚያስገርም አይሆንም።

ሌላው የአሜሪካኖቹ ትርፍ ምንጭ ተጫዋች ለማሠልጠን የሚያወጡት ገንዘብ አለመኖሩ ነው። ለአሜሪካ እግር ኳስና በብዛት ለቅርጫት ኳስ ወጣቱን ኮትኩቶ የሚያወጣው ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከነጻ ትምህርትና ቀለብ በስተቀር ደመወዝ አያገኙም ነበር፤ ከስማቸውና ከምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ክለቡ ለዩኒቨርሲቲው የዝውውር ዋጋ አይከፍልም። ድራፍት በሚሉት የወጣት ተጫዋቾች ምርጫ፣ በኤን.ኤፍ.ኤል. የመጨረሻ የወጣው ክለብ መጀመሪያ ይመርጣል። አስተውሉ፤ በእኛ ዓለም መጨረሻ የወጣ ይወርዳል፣ በእነሱ ዓለም መጨረሻ የወጣ ይሸለማል። ያሠለጠነው ዩኒቨርሲቲ ግን፣ ልጁ በኋላ ስንት ሚሊዮን ቢከፈለው፣ አንድ ሳንቲም አይደርሰውም።

የበሩን መዘጋት ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ከተማው ነው። ክለቦቹ ጥቂት ሆነው ከተሞቹ ብዙ ሲሆኑ፣ ባለቤቱ ስታዲየም ካልሠራችሁልኝ እሄዳለሁ ብሎ ማስፈራራት ይችላል። በካሊፎርኒያ ያለችው ኦክላንድ የቅርጫት ኳስ ክለቧን እ.ኤ.አ. በ2019፣ የአሜሪካ እግር ኳስ ክለቧን በ2020፣ የቤዝቦል ክለቧን ደግሞ በ2024 ማብቂያ አጣች። ከእነዚህ አንዱ የሆነውን ሬደርስን የተቀበለችው ላስ ቬጋስ ለአዲሱ ስታዲየም ከሆቴል አልጋ ግብር የሚሰበሰብ 750 ሚሊዮን ዶላር የሕዝብ ገንዘብ አዋጥታለች። ለገጣፎ ብትወርድም ክለቧ የራሷ ነው፤ ነገ ተነሥቶ አዋሳ አይገባም።

እስካሁን ያልኩትን በአንድ ንጽጽር ላጠናክር። ሪያል ማድሪድ እ.ኤ.አ. በ2023/24 የውድድር ዘመን ከአንድ ቢሊዮን ዩሮ በላይ ገቢ በማስገባት በእግር ኳስ ታሪክ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ። የአሜሪካው ዳላስ ካውቦይስም በዚያው ጊዜ ገደማ ያስገባው ወደ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ገቢያቸው ተቀራራቢ ነው። ሆኖም ፎርብስ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2024 ለማድሪድ 6.6 ቢሊዮን፣ ለዳላስ ግን 10.1 ቢሊዮን ዶላር ዋጋ ሰጥቷቸዋል። ዳላስ ዋንጫ ሳይበላ ብዙ ዘመን ያለፈው ክለብ ሲሆን ማድሪድ በየጊዜው ዋንጫ የሚያነሳ ነው። ልዩነቱ የመጣው የዳላስ ባለቤት እንደማይወርድ፣ ደመወዙ ከጣሪያው እንደማያልፍና የቴሌቪዥን ድርሻው ለዓመታት እንደተረጋገጠ ስለሚያውቅ ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ በሩ መዘጋቱ የጨመረው ከዓመት ዓመት የሚገባውን ገንዘብ ሳይሆን የንብረቱን የመሸጫ ዋጋ ነው።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸውም ይህንኑ ነው። የመሸጫ ዋጋ መጨመር የሚጠቅመው የሚሸጥ ባለቤት ላለው ንብረት ነው። የእኛ ክለቦች አብዛኞቹ የከተማ አስተዳደር፣ የመንግሥት ድርጅት ወይም የመከላከያ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ዋንጫውን የወሰደው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በ2017 ዓ.ም. የወሰደው ኢትዮጵያ መድን ነው፤ ስማቸው ራሱ በጀቱ ከየት እንደሚመጣ ይናገራል። አንድ ከተማ አስተዳደር ክለቡን ለማን ይሸጠዋል? የማይሸጥ ንብረት ዋጋው እጥፍ ቢሆን በሒሳብ መዝገብ ላይ ከማማር በስተቀር ለማን ይበጃል? ወራጅ ቢቀር የሚሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛሬ ሊጉ ውስጥ የተገኘው ክለብ በጀቱን የሚመድብለት አካል ቢያሸንፍም ባያሸንፍም እንዲመድብለት ቋሚ ምክንያት ያገኛል፤ ከታች ያለው ደግሞ ለምን እንደሚጫወት ይጠፋዋል።

ገቢ እንዳናይ ያደረገን የወራጅ መኖር አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተዘዋወሩ ይካሄዳሉ። በዚያው ዓመት የተጀመረው የአምስት ዓመት የቴሌቪዥን ውል 68 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ በወቅቱ ተገልጾ ነበር፤ ሊጋችን በቴሌቪዥን በጥራት መታየት መጀመሩም ትልቅ ነገር ነው፣ አላቃልለውም። ነገር ግን ክለብ በሜዳው የማይጫወት ከሆነ ትኬት የለም፣ ትኬት ከሌለ ደጋፊው ልማድ አያወጣም፣ ልማድ የሌለው ደጋፊም ማሊያ አይገዛም። የከተማችን ክለብ በፕሪሚየር ሊጉ በነበረበት ዓመት እኔም ጎረቤቶቼም ቡድናችንን ያየነው በዲ.ኤስ.ቲ.ቪ. ቤት፣ በር ላይ ከፍለን ነው፤ የከፈልነው ገንዘብ ለቤቱ ባለቤት ሆነ እንጂ ወደ ክለቡ የሄደ አንድም ብር የለም። ያን ዓመት የሚያስቆጨኝ መውረዳችን ሳይሆን ይሄ ነው።

የአውሮፓው እግር ኳስ ችግር የለበትም እያልኩ አይደለም። የእንግሊዙ ፕሪሚየር ሊግ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲጀመር የአምስት ዓመት የስርጭት ውሉ 304 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ ከ2025 ጀምሮ ያለው የአራት ዓመት የአገር ውስጥ ውል ብቻ 6.7 ቢሊዮን ፓውንድ ነው። ክፍፍሉም እንደሚወራው ጨካኝ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2023/24 ሻምፒዮኑ ማንቸስተር ሲቲ 175.9 ሚሊዮን፣ መጨረሻ የወጣው ሼፊልድ ዩናይትድ 109.7 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሷቸዋል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ግን በእጃቸው አይቆይም። መውረድን የሚፈራው ክለብ ከአቅሙ በላይ ይከፍላል፣ ለማደግ የሚመኘውም እንዲሁ፤ ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ባለው እርከን ከገቢያቸው በላይ ለደመወዝ የሚያወጡ ክለቦች ብርቅ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1885 የተመሠረተው በሪ የተባለ የእንግሊዝ ክለብ በዕዳ ተይዞ በ2019 ከሊጉ ተሰርዟል። አሜሪካውያን ባለሀብቶች እነ ማንቸስተር ዩናይትድን፣ ሊቨርፑልንና አርሴናልን ገዝተው ሒሳቡን ሲያዩ የደነገጡት በዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ከሌሎች ዘጠኝ ክለቦች ጋር ሆነው ሱፐር ሊግ የሚባል፣ መሥራቾቹ የማይወርዱበት ውድድር ያወጁትም ያንን ድንጋጤ ለማስወገድ ነበር። ደጋፊው አደባባይ ወጣና ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች በሁለት ቀን ውስጥ ወጡ። እኛ ሰፈር የአርሴናልና የዩናይትድ ቲፎዞ በአንድ ነገር ተስማምቶ ያየሁት ያን ሳምንት ብቻ ነው።

ሊጠቀስ የሚገባው ሌላም ልዩነት አለ። የአሜሪካ ሊጎች ገቢያቸውን በአብዛኛው የሚሰበስቡት ከራሳቸው ሀብታም አገር ነው። እግር ኳስ ግን ከብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ይለቅማል። እ.ኤ.አ. ከ2022 በጀመረው የሦስት ዓመት ዘመን የእንግሊዙ ፕሪሚየር ሊግ ከውጭ አገር የስርጭት መብት የሚያገኘው ገቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር ውስጡ በልጧል። በለገጣፎ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ በየቆርቆሮ ቤቱ በር ላይ ጨዋታው በኖራ የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ ቆሞ የሚሰበሰበው መግቢያም፣ ዞሮ ዞሮ ወደዚያው የሚፈስ ጠብታ ነው። ገንዘቡ ከእኛ ወደ እነሱ የሚሄድበት መንገድ የተጠረገ ነው። ከእነሱ ወደ እኛ የሚመጣበት መንገድስ አለ ወይ?

አለ፤ ይህንንም መንገድ የአሜሪካ ስፖርት አያውቀውም። እግር ኳስ ተጫዋች ይሸጣል፣ ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ2017 ፓሪ ሳን ዠርማ ኔይማርን ለመውሰድ ለባርሴሎና 222 ሚሊዮን ዩሮ ከፍሏል። አሜሪካኖቹ በብዛት ተጫዋችን በተጫዋች ወይም በሚቀጥለው ዓመት የምርጫ ተራ ይለዋወጣሉ እንጂ እንዲህ ያለ ገንዘብ ከክለብ ወደ ክለብ አይሄድም። ታዲያ በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአገር ወደ አገር በገንዘብ ሲዛወር፣ ከዋጋው 5 በመቶው ተነሥቶ ልጁን ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል፤ የሶሊዳሪቲ ክፍያ የሚሉት ይህ ነው። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ከጠቅላላው ዋጋ 0.25 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ ይታሰባል። ልጁ በተዛወረ ቁጥር ክፍያው ይደገማል።

ትንሽ ቢመስልም በእኛ ልክ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ልጅ ከ12 እስከ 15 ዓመቱ በአንድ የዳር ከተማ ክለብ ውስጥ አራት ዓመት ቢሠለጥንና በ22 ዓመቱ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ቢሸጥ፣ ያ ክለብ 10 ሺህ ዶላር ይደርሰዋል። ለእኛ ፕሮጀክት ይህ ለብዙ ዓመት የሚበቃ ኳስ፣ ጫማና የሜዳ ኪራይ ነው። ማንንም ስፖንሰር ሳይለምኑ፣ ሊጉንም ሳይዘጉ የሚገኝ ገንዘብ ነው። ተጫዋቻችን ወደ ውጭ አይወጣም የሚለኝ ካለ፣ በ2013 ዓ.ም. 29 ጎል ያስቆጠረው አቡበከር ናስር ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ መዛወሩን፣ ከእሱም በፊት እነ ሳላዲን ሰዒድና ሽመልስ በቀለ በግብፅ ክለቦች መጫወታቸውን አስታውሰዋለሁ።

ነገር ግን ይህ ክፍያ የሚደርሰው በፌዴሬሽን ሥር ለታቀፈ ክለብና ከልጅነቱ ጀምሮ ለተመዘገበ ተጫዋች ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ሥራ ያስጀመረው የክፍያ ማዕከል ገንዘቡን የሚያከፋፍለው ልጁ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ለማን ተመዝግቦ እንደነበረ የሚያሳየውን የምዝገባ ታሪኩን አይቶ ነው፤ ወረቀት የሌለው ክለብ ልጁን በእውነት ያሳደገው እሱ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ቢመሰክርለት ዋጋ የለውም። እኔ ለእኛ ልጆች ይህን ምዝገባ እንዴት እንደምናገኝ ለማወቅ በየቢሮው ስዞር ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው። አንዱ ጋ ፕሮጀክት ክለብ አይደለም ተባልኩ፤ ሌላው ጋ ምዝገባው ከ17 ዓመት በታች ካሉት ይጀምራል ተባልኩ፤ ሦስተኛው ጋ የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ላይ ነበር። ጸሐፊው ብዕራቸውን ሊጉን ለመዝጋት ከሚያውሉት ለዚህ ቢያውሉት ምን ነበረበት እያልኩ ነው ደብዳቤውን የጀመርኩት።

የፕሮጀክታችን ደብተር ላይ የ43 ልጆች ስም፣ የትውልድ ዘመንና የወላጅ ስልክ በእጄ ጽሑፍ ሰፍሯል። በተራ ቁጥር 17 ላይ ያለው፣ በግራ እግሩ ኳስ ሲመታ ትልልቆቹ ሳይቀሩ ቆመው የሚያዩት ልጅ፣ በመጪው ጥር 12 ዓመት ይሞላዋል። የፊፋ ሒሳብ ለእሱ መቆጠር የሚጀምረው በዚያው ዓመት ነው። ስሙ የተጻፈበት መዝገብ ግን እስከ ዛሬ ይህ የእኔ ደብተር ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሒሳብ ባለሙያ፣ ጡረተኛ
ከለገጣፎ